ሰው ሁሉ እንዲወጣ

ወርቄ የእድሩን ድንኳን ትሰፋለች፤ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ደግሞ እዚያው አጠገቧ በረንዳቸው ላይ ቆመው በስልክ፣ ተከራይ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም ይላሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ አልሞከሩም። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ከኢሱዙ ሞተር ጋር ሲጯጯሁ የኖሩ ሰው ናቸውና ምስጢር ሲያወሩ እንኳ ጎረቤት ይሰማቸዋል። ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶታል። አንዱ ጫፉ የዋናው ቤት ደረጃ ላይ ወጥቷል፣ ሌላው ጫፉ ከኋላ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች ደጃፍ ደርሶ የሀሴትን ጫማ ሸፍኗል፣ የቀረው ደግሞ ወለል ብሎ እስከተከፈተው የውጭ በር ድረስ ተዘርግቶ መንገደኛ ሁሉ እያየው ያልፋል። ወርቄ መሀሉ ላይ ከስፌት መኪናዋ ጋር ተቀምጣ ባለፈው ለቅሶ ላይ የሐይቁ ንፋስ የቀደደውን ጎኑን ትጠግናለች። በነፃ ነው የምትሠራው፤ ሁልጊዜም በነፃ ነው። ሀሴት የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች በሯ ላይ ቆማ፣ እናቷ የተባለውን ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ፈለገች። ወርቄ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ተሻገረች።

ስልኩ ላይ ያለው የእድሩ ጸሐፊ ደሳለኝ ነው፤ የሚወራውም ስለ ሀሴት ነው። ሀሴት የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ናት፣ ሦስተኛ ዓመት። እሷና ሁለት የክፍል ጓደኞቿ፣ ዩኑስና ኢያኤል፣ የሰፈራቸውን እድር ታሪክ ሲያጠኑ ከረሙ። መምህራቸው ጥናቱን ለእኔ አንብባችሁ አትገላገሉም፣ ለተጠናው ሰው ውሰዱለት ስላሏቸው ዛሬ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት በእድሩ አዳራሽ ለሰፈሩ ሊያቀርቡ ነው። ጋሽ ሰይፈሚካኤል የእድሩ ሰብሳቢ ናቸውና ፈቅደዋል፤ ሲፈቅዱ ግን ጥናቱ ስለምን እንደሆነ አልጠየቁም ነበር። ትናንት ማታ ጠየቁ።

ጥናቱ ስለ እኩልነት ነው። ልጆቹ በየቤቱ እየዞሩ፣ ሻይ እየጠጡ፣ አንዱ ሽማግሌ ያለውን ሌላው ሲያፈርስ እየሰሙ ያገኙት ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። እድሩን ካቋቋሙት ሰዎች መካከል የራሱ ቤት የነበረው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከተማዋ ገና ልጅ ነበረች፤ ሁሉም ከየአገሩ መጥቶ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ ቅርብ ስላልነበረው ነው ጎረቤቱን ዘመድ ያደረገው። ኋላ ቤት ተሠራ፣ ግቢ ታጠረ፣ ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ ተሠርቶ ተከራየ። ከዚያ በአንድ ስብሰባ ላይ ተከራይ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ቦታ ነው ተባለና ደንብ ወጣ። ተከራይ መዋጮ ያዋጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ድስት ያጥባል፣ ድንኳን ይተክላል። ለእሱ ግን ድንኳን አይተከልለትም፣ ስብሰባ ላይም እጁን አያወጣም። ይህን የሚለውን ገጽ የጻፈችው ሀሴት ናት፣ የምታነበውም እሷ ናት።

ችግሩ ሀሴትና እናቷ የጋሽ ሰይፈሚካኤል ተከራዮች መሆናቸው ነው። ከመወለዷ በፊት ጀምሮ የሚኖሩባት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ማታ ማታ የሚዘረጋ ፍራሽና የስፌት መኪናው ሲገቡባት ለሰው የምትተርፈው ጥቂት ናት። ቢሆንም ኪራይዋ ሦስት ሺህ ብር ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ይህችኑ የምታክል ሰባት ሺህ ትጠራለች። ጋሽ ሰይፈሚካኤል በየዓመቱ ኪራይ እጨምራለሁ ብለው ይጀምሩና ሚስታቸው እትዬ ፀደይ ዓይን ዓይናቸውን ሲያዩዋቸው ስለ ዝናብ ያወራሉ። ከዚህ ቢወጡ የሚሄዱት ከከተማው ዳር ቱላ ነው፣ ቱላ ደግሞ ደንበኛ ተከትሏት አይሄድም። የተማሪ ዩኒፎርም ሊያሳጥር፣ ዚፕ ሊያስቀይር የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያውቃት በዚህ በር ነው። ስለዚህ ወርቄ ጠዋት ሻይ እየቀዳች፣ አሥራ አምስት ብር ስለገባው ዳቦ ስታማርር ቆይታ፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሳ፣ «ያንን ገጽ ዩኑስ ያንብበው» አለች። የዩኑስ ቤተሰቦች የራሳቸው ቤትና ገበያው ዳር የቅመም ሱቅ አላቸው፤ እሱን ከየትም የሚያስወጣው የለም። ሀሴት ገጹ የእኔ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አልተናገሩም፤ ዳቦውን አኘኩ፣ ሻዩን ጠጡ፣ ወርቄ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

ዝምታው ከዚህም ይጠልቃል። የሀሴት አባት አልአዛር የሞተ ጊዜ ሀሴት ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ያኔም ሰብሳቢ ነበሩ፤ ደንብ ደንብ ነው ብለው የእድሩን ድንኳን ከለከሉ። ከለከሉና ወደ ቤታቸው ገቡ፣ የኢሱዙዋቸውን የጭነት ሸራ ተሸክመው ወጡ፣ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ከሰርቪሱ ጣሪያ እስከ አጥሩ ድረስ በእጃቸው ወጠሩት። ሦስቱንም ቀን እሱው ስር ተቀምጠው ሰነበቱ፤ ሸራው ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር። በአንድ ጠዋት የከለከላቸውንና የሰጣቸውን ያንኑ ሰው ምን ማለት እንደሚቻል ወርቄ አታውቅም፤ ሀሴትም አታውቅም። ወርቄ ስለማታውቅ ዝም አለች። ሀሴት ስለማታውቅ የታሪክ ተማሪ ሆነች። ያ ሸራ የማንም ስም ሳይጠራ በገጿ ውስጥ አለ።

ሀሴት ለባብሳ ስትወጣ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ዓሣ ሊገዙ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ይሄዳሉ፤ አስጋሪዎቹን ካላጫወቱና ዋጋው ላይ ካልተከራከሩ ዓሣው አይጣፍጣቸውም። ስልካቸውን እንደተለመደው ቻርጅ ላይ ረስተውታል። ሀሴት በልቧ እንኳንም አልተገናኘን አለች፤ ፊታቸውን አይታ ቢሆን ገጹን ለዩኑስ ትሰጠው ነበር። እናቷን ደህና ዋይ አለቻት፣ እናቷም እሺ አለች፤ በእነሱ ቤት ይህ የኩርፊያ ሰላምታ ነው።

ሰው አይመጣም የሚለው ስጋት ከሁሉም ይበልጥባት ነበር። ቡሹሎ ሰፈር ጥናታቸውን ያቀረቡት የክፍሏ ልጆች ያገኙት አድማጭ አንድ አግዳሚ ወንበር አልሞላም፤ ከነዚያም ውስጥ ሁለቱ ዝናብ ሊጠለሉ የገቡ ነበሩ። እነሱም በቴሌግራም ለጥፈዋል፣ አዳራሹ በር ላይ ወረቀት ሰቅለዋል፣ ግን ለስብሰባ የሚመጣው የቤት ባለቤት ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ሌላውማ ምን ሊያደርግ ይመጣል፣ እጁን አያወጣ። ስለዚህ አስፋልቱ ዳር ጃንጥላ ወደሚጠግኑት ወደ ጋሽ ደረሰ ሄደች። ጋሽ ደረሰ የእድሩ ለፋፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጡሩምባቸውን ይዘው ሰፈሩን ዞረው የሟችን ቤት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ጉዳዩን ነገረቻቸው፣ ሰዓቱን ነገረቻቸው፣ ቦታውን ነገረቻቸው። እሳቸውም የአንዱን ጃንጥላ ዘንግ እያቃኑ በጥሞና ሰሟት፣ ስንት ሰው እንደምትፈልግም ጠየቋት።

«ሰው ሁሉ» አለች ሀሴት። «ሴቱም፣ ተከራዩም፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆችም። ሰው ሁሉ እንዲወጣ ያድርጉልን።»

ጋሽ ደረሰ ጃንጥላውን አስቀመጡና ትንሽ አሰቡ። ሁሉ ማለትሽ ነው ብለው ደግመው ጠየቁ፣ ሁሉ አለቻቸው። ይሁን አሉ። በጣም ትልቅ አደራ እንደተቀበለ ሰው ፊታቸው ኮስተር አለ። ሀሴት በደስታ ወደ አዳራሹ ሮጠች።

አዳራሹ ቆርቆሮ ክዳንና ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ወለል ያለው፣ ድስቱም በርሜሉም ጥግ ጥጉን የተደረደረበት ቤት ነው። ከፊት ባለመደገፊያ ወንበሮች አሉ፣ ለቤት ባለቤቶች፤ ከኋላ በር አጠገብ አግዳሚዎች። ደንብ አይደለም፣ ልማድ ነው፤ ግን ማንም ተሳስቶ አያውቅም። ኢያኤል ጥናታችን ስለ እኩልነት ሆኖ እንዴት በዚህ እናቀርባለን ብሎ ወንበሩን በክብ ለማድረግ ሲታገል፣ ዩኑስ ደግሞ ክብ ብታደርገውም ከፊት የለመደው ሰው ክቡ ውስጥ ፊት ይፈልግለታል እያለ ይስቅበታል። እያወዛወዙ፣ እየጎተቱ፣ ግማሹን ክብ ግማሹን ሰልፍ አድርገውት ሳለ ጡሩምባው ተነፋ።

ሦስቱም ቆሙ። ጡሩምባ ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነፋው፤ በቀትር ከተነፋ ነገሩ ድንገተኛ ነው ማለት ነው። እንደገና ተነፋ፣ ረጅም። ኢያኤል የያዘውን ወንበር ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና በቃ ፕሮግራማችን ሞተ አለ፣ ወዲያው ባለው ነገር አፍሮ አፉን ያዘ። ውጭ የሰው እግር ይሰማ ጀመር። በጠባቡ የአዳራሹ መስኮት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲያልፉ፣ ሌሊት ሠርተው ያደሩት የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ዓይናቸውን እያሹ ከየሰርቪሱ ሲወጡ፣ የባጃጅ ሹፌሮች ተሳፋሪ አራግፈው ሲዞሩ ታዩ። ጡሩምባው ካቆመ በኋላ ጋሽ ደረሰ አንድ ነገር ይጮሁ ነበር፤ ግን ጡሩምባ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጎረቤቱ የሚለውን ነው። ሀሴት አንዷን ሴት የማን ቤት እንደሆነ ብትጠይቃት፣ የሰብሳቢው ግቢ ነው፣ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ድንኳኑ ተዘርግቶ አይቼዋለሁ ብላ ደረቷን እየመታች አለፈች።

ሀሴት ሮጠች። ቅያሱን ስትታጠፍ በራቸው ፊት ድንኳኑ ቆሞ አየችው። የፓርኩ ልጆችና የየግቢው ተከራዮች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እናቷ ጠዋት የሰፋችውን ከግቢው አውጥተው ተክለውት፣ ገመዱን እየሳቡ ካስማ ይመታሉ። መጀመሪያ በሐሳቧ የመጣችባት እናቷ ነበረች፤ ወርቄ ስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋች ሞታ። ከዚያ ድንኳን ለእነሱ እንደማይተከል ትዝ አላት፣ እናቴማ አይደለችም ብላ ተነፈሰች። በዚያ ነገር በመተንፈሷ ወዲያው ንድድ አለች። ለእናቷ ድንኳን እንደማይተከል ማወቅ ለደቂቃም ቢሆን ደስ ያሰኛት ሰው በዚህ ሰፈር እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ያኔ ቁርጥ አደረገች፤ ገጹን የሚያነብላት ሌላ ሰው የለም።

ግቢው ውስጥ እትዬ ፀደይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ ሴቶቹም ከበዋቸው ያለቅሳሉ። የሆነው እንዲህ ነው። ሰዉ ድንኳኑን አይቶ የሆነውን እሳቸው ያውቃሉ ብሎ እያለቀሰ ገባ፤ እሳቸው ደግሞ ሰዉ እያለቀሰ ሲገባ የሆነውን ሰዉ ያውቃል አሉ። ባላቸው ዓሣ ሊገዙ ወጥተው አልተመለሱም፣ ቢደውሉላቸው ስልኩ ሳሎን ውስጥ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ የምታለቅሰው ግን ወርቄ ነበረች። ሀሴት እናቷን እንዲህ ስትሆን ያየቻት ለአባቷ ብቻ ነው። መሬት ተቀምጣ፣ ወዲያና ወዲህ እያለች፣ ዓመታት ሙሉ ያልተናገረችውን ታወርደው ነበር። «ደንቡ ሲገፋኝ፣ ሸራህን ከመኪናህ አውርደህ የወጠርክልኝ፤ ጥላ ሳጣ ጥላ የሆንከኝ» ትላለች፣ ሴቶቹም በአማርኛውም በሲዳምኛውም እየተቀበሉ ያለቅሳሉ። ከዋናው ቤት ዘመዶች አንዲቱ፣ ምን ሸራ ነው ብላ አጠገቧ ያለችውን ጠየቀች። አልሰማሽም እንዴ፣ ድንኳን ተከልክላ እኮ ነው፣ አለቻት ያችኛዋ።

ሀሴት ነገሩ ገና ሳይገባት ወደ በሩ ስትመለስ አንድ ባጃጅ ከሰዉ ኋላ ቆመ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል በአንድ እጃቸው ቆሮሶ ዓሣ የሞላ ፌስታል ይዘው ወረዱ። ድንኳኑን አዩ። በራቸውን አዩ። ፌስታሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ፀደይ ናት?» አሉ። እንደዚያ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ከእሳቸው ወጥቶ አያውቅም።

ሀሴት ክንዳቸውን ያዘችና፣ «እትዬ ፀደይ ደህና ናቸው፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ ሌላ የምትለው ስላጣች እውነቱን ተናገረች። «የሞቱት እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የወርቄ ለቅሶ ከውስጥ መጣ፣ ሸራህን ከመኪናህ አውርደህ ስትል። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ሀሴት ይግቡ እንጂ፣ እትዬ ፀደይ እየተጎዱ ነው ብትላቸው ቆይ አሉ በእጃቸው። በገዛ በራቸው ጥግ ቆመው የገዛ ለቅሷቸውን አዳመጡ፤ ማንኛችንም ብንሆን እንደዚያ ያለ ዕድል ብናገኝ ቸኩለን የምንገባ አይመስለኝም። ዓይናቸው እርጥብ እርጥብ አለ። ከዚያ ፌስታሉን አነሱና ገቡ።

ያኔ የሆነውን ጩኸት ለመግለጽ ያስቸግራል። ሁለት ሴቶች በኩሽና በር ሸሹ፣ አንድ ሽማግሌ በየሱስ ስም ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ፀደይ ብድግ ብለው ባላቸውን በጥፊ ሊሉ ሰነዘሩና አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ፤ ስልክህን ቻርጅ ላይ አትተው አላልኩህም ወይ እያሉ አለቀሱ። የለቅሶው ቤት በአንድ አፍታ የሠርግ ቤት ሆነ። ሰዉ እንባውን ሳያብስ ይስቃል፤ የሚስቀውም ያለቀሰውም ወርቄን አቅፎ ይስማል። በዚህ መሀል ጋሽ ደረሰ ሰፈሩን እስከ መጨረሻው ዞረው፣ በላብ ተጠምቀው፣ ጡሩምባቸውን ታቅፈው ከድንኳኑ ደረሱ። የመጣውን ሕዝብ አዩና ፊታቸው በራ። ሀሴትን ሲያዩ፣ ይኸው፣ ሁሉም ወጥቶልሻል አሏት።

ሀሴት በዚያች ቅጽበት መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። ሁሉም ገባው። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ያ የሞተር ድምፃቸው ተመለሰላቸው፤ በሕያው ሰው ላይ ጡሩምባ እንዴት ይነፋል፣ በየትኛው አገር፣ በየትኛው ደንብ አሉ። ጋሽ ደረሰም ግራ ተጋብተው፣ ስብሰባ አለ ብዬ ብዞር ማን ይወጣል፣ ባለቤቱ ብቻ ነው አሉ። ልጅቷ ሰው ሁሉ እንዲወጣ ነው ያለችኝ፤ በዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚወጣው በምን እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ። ዩኑስና ኢያኤል ከሰዉ ጀርባ ደርሰው ነበር፤ ዩኑስ ሳቁን ለመደበቅ ጫማውን ያስር ጀመር።

ነገሩን ያቃኑት እትዬ ፀደይ ናቸው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አገር ምድሩን አስለቅሼ እንዲሁ አልበተንም፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ልጆቹ ያላቸውን ይበሉ አሉ። ስለዚህ ጥናቱ በአዳራሹ ሳይሆን በድንኳኑ ቀረበ። ኢያኤል ሲታገልለት የዋለው ክብ ራሱን በራሱ ሠርቶ ነበር፤ ለለቅሶ የመጣ ሰው ያገኘው ቦታ ነው የሚቀመጠው። የግቢ ባለቤቱ ከፓርኩ ልጅ ጋር በአንድ አግዳሚ፣ ነጋዴው ድስት አጣቢዋ ጎን። ኢያኤል የከተማዋን ልጅነት ተናገረ። ዩኑስ እድሩ እንዴት እንደተቋቋመ ተናገረ፣ ሽማግሌዎቹም ስማቸው ሲነሳ ነቅነቅ ነቅነቅ እያሉ ሰሙ። ከዚያ ዩኑስ ለሀሴት ጎንበስ ብሎ፣ ከፈለግሽ ያንቺንም አነበዋለሁ አላት፤ ወርቄ አስቀድማ ደውላለት ነበር። ሀሴት እናቷን አየች። ወርቄ በለቅሶ ባበጠ ዓይኗ መልሳ አየቻት። ነጠላዋንም ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

ሀሴት አነበበች። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረች ነበር፣ ተከራይ መዋጮ ያዋጣል የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና አለች። ድንኳን ስለተከለከለችውና የመኪና ሸራ ስለተወጠረላት ባልቴት ስታነብ ማንም ይህች ማን ናት አላለም፤ ሁሉም ከእናትየዋ አፍ ሰምቶ ነበርና። አንድ የቤት ባለቤት ተነስቶ፣ የሚባለው ሁሉ እውነት ቢሆንም ተከራይ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል፣ እድር ደግሞ የነዋሪ ነው አለ። ካስማውን ከመቱት ልጆች አንዷ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ገና ጎኗን ሳታሳርፍ ጡሩምባ ሰምታ እንደወጣች፣ ለማን እንደምትወጣም እንዳላወቀች ቀስ ብላ ተናገረች። ሰውየው ተቀመጠ። ሰዉ ሁሉ ጋሽ ሰይፈሚካኤልን ያያቸው ጀመር።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ተነሱ። ስለ ጥናቱ አንድም አላሉም። ሀሴት ክፍላቸውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የቱላን መንገድ በልቧ አየች። እሳቸው የተናገሩት ስለ ጡሩምባው ነው። በደንቡ መሠረት ያለ ሞት ጡሩምባ የነፋ ሰው ጡሩምባውን ያስረክባል፤ እኔ ይወሰድበት ባይ ነኝ፤ እጅ አውጥታችሁ ወስኑ አሉ። ደሳለኝ እስክሪብቶውን አወጣ፣ የተደበላለቀውን ክብ ዞር ብሎ አየና የቤት ባለቤቶቹን እንዴት ለይቼ እቆጥራለሁ ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ፊት ለፊታቸው ያሉትን አንድ በአንድ አዩ፤ የፓርኩን ልጆች፣ የባጃጅ ሹፌሮቹን፣ ዓይናቸው የቀላ ሴቶችን።

«ለእኔ የወጣው ማን ነው?» አሉ ደሳለኝን።

ደሳለኝ ሁሉም ነው አለ።

«እንግዲያው ሁሉንም ቁጠር። ደንቡን በጠቅላላ ጉባኤ እናየዋለን፤ የዛሬውን ግን ሁሉንም ቁጠር።»

ይወሰድባቸው ለሚለው እጆች ወጡ፣ የሰብሳቢው እጅ መጀመሪያ። ጥቂት አልነበሩም። ቀጥሎ ደሳለኝ ይቆይላቸው የምትሉ አለ። ማንም እጁን አላነሳም፤ በዚህ ሰፈር በሰብሳቢው ላይ እጅ ማውጣት፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም ከሰርቪስ ቤት መጥቶ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ጋሽ ደረሰ ጡሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ ወርቄ እጇን አወጣች። እስከ ክንዷ ነጠላው ተንሸራቶ ወረደ። ሽማግሌው ያደረጉት ልጇ ያለቻቸውን ነው፣ ጥፋቱም የልጇ ነው፣ ወርቄ ይህን ታውቃለች፤ ከፊቷ የቆሙት ማን እንደሆኑም ታውቃለች። ከዚያ የፓርኩ ልጆች እጅ፣ ከዚያ የሹፌሮቹ፣ ከዚያ እትዬ ፀደይ ራሳቸው ባላቸውን ሳያዩ። ደሳለኝ ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ይቆይላቸው የሚለው በለጠ።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ወርቄን አፍጥጠው አዩዋት። ከኋላ አንዲት ሴት፣ በቃ ነገ ዕቃዋን ታወጣለች ብላ አንሾካሾከች፤ እንዲህ ባለው ጸጥታ ሹክሹክታም ይሰማል። እሳቸውም ሰሙ።

«ማን ነው ያለው?» አሉ። «እንደዚያ ያለቀሰችልኝን ሴት ከግቢዬ የማስወጣ ነው የምመስለው? እኔ ስሞት ማን ሊያለቅስልኝ ነው?» ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍ ደሳለኝ። ሰብሳቢው ተሸነፈ።»

ሳቁ ድንኳኑን አነሳው። ጋሽ ደረሰ ጡሩምባቸውን በእጅጌያቸው ይወለውሉ ጀመር፤ እትዬ ፀደይ ዓሣው ሳይበላሽ ዘይት ይጣድ፣ ማንም እንዳይሄድ አሉ፤ ኢያኤልና ዩኑስ ከፓርኩ ልጆች ጋር ወንበር ሊያመላልሱ ተነሱ። ሰዉ ቦታ ሲቀያየር፣ ሲጠራራ፣ ስለ ሞቱት ሰውዬ እንደገና ሲስቅ፣ ሀሴት እናቷን ፈለገቻት። ወርቄ በተቀመጠችበት ነበረች። እጇ አሁንም አልወረደም። ሀሴት አጠገቧ ሄዳ ጎንበስ አለችና፣ እማ፣ ተቆጥሯል፣ አውርጂው አለቻት። ወርቄ ቀና ብላ እጇን አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስል።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።